የእምቢታ ሹም ጃንጥላ

ዶክተር ውዳላት ከተማችን በር ላይ ሲደርሱ፣ የተማረ እንግዳ የሙያ ዕቃውን ለእኔ ስለሚያስረክብ “ዕቃዎንስ?” ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ሰው ቤት ሲገባ ጃንጥላ በር ላይ የሚተውበት አገር ሰው ስለሆኑ፣ ውሃ የሚያንጠባጥበውን ጥቁር ጃንጥላቸውን በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ።

“ወለሉን እንዳያረጥብባችሁ” አሉ።

እኔ ደግሞ የዕውቀታቸው መሣሪያ ይህ ነው ብዬ ተቀበልኩና ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። በአንድ ጎኑ የአፈር አጥኚው መቆፈሪያ፣ በሌላው ጎኑ የጥርስ ሐኪሙ ጉጠት ተሰቅለው ነበር። ሁለታችንም በትሕትና ጎንበስ አልን፤ ሁለታችንም የተግባባን መስሎን ነበር።

ሥራዬ በር ጠያቂነት ነው። ወደ ከተማችን የሚገባ የተማረ ሰው ምን እንደተማረ እጠይቃለሁ፤ መልሱን ስሰማ ፊቴን ወደ ከተማው አዙሬ “ተምሯል!” ብዬ አውጃለሁ። ድምፄ ትንሽ ስለሆነ ሁለተኛው በር ላይ ያለው ዘበኛ ተቀብሎ ጮክ አድርጎ ይደግምልኛል። እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ስመለስ፣ ከእኔ በፊት የነበሩት ጠያቂ “ምን ተማርሽ?” ሲሉኝ አፍሬ “እኔን ነው?” አልኳቸው። “መጠየቅ ተምራለች” ተባለና በሩ ተሰጠኝ።

በእኛ ከተማ ልማዱ እንዲህ ነው፤ የተማረ ሰው የተማረው ነገር ይሰጠዋል። ስለ ምስጥ ላጠናው ሰው ምስጥ የበላው ጎተራ ተሰጠው። ስለ እንቅልፍ የተመራመረው ሐኪም የሌሊት ዘበኛ ሆነ። ስለ ድርቅ የተማረው ሰውዬ ዝናብ በዘገየ ቁጥር ይጠየቃል፤ ሲዘንብ ደግሞ ሥራውን ችላ አለ ተብሎ ይወቀሳል፤ እስከ ዛሬ ሰማዩን ሳያይ መንገድ አይሻገርም። አንድ ነገር ባለቤት ካገኘ ደግሞ ሌላው ሰው እጁን ይሰበስባል። ስለ ዜማ የተማረች ሴት ከመጣች ወዲህ እናቶች ልጅ ሲያለቅስባቸው ማባበሉን ትተው እሷን ያስጠራሉ።

እናም ዶክተር ውዳላትን “ምን ተማሩ?” አልኳቸው።

“መጀመሪያ ታሪክ ተማርኩ” አሉ፤ ቦርሳቸውን መሬት አስቀምጠው። “ነገሥታቱ ምን እንዳሉ በደንብ ተጽፏል። ሕዝቡ ምን ብሎ እንደመለሰ ግን የጻፈ የለም። ሕግ ውስጥ አገኘው ይሆናል ብዬ ሕግ ተማርኩ፤ እዚያም የለም። በመጨረሻ የፖለቲካ ፍልስፍና ገባሁና የዶክትሬት ጥናቴን በእምቢታ ላይ ሠራሁ። ተገዢ ለገዢው እንዴት እምቢ እንደሚል፣ ገዢውም እንዴት አድርጎ እንደማይሰማው። አሁን ያለሁት ዝምታ ላይ ነው። ዝም ያለ ሰው ተስማምቷል የሚባለው መቼ ነው? በሌላ ሰው ስም መናገርስ እስከ የት ድረስ ነው? እዚህ የመጣሁትም በእናንተ ከተማ እምቢ የሚል ሰው እንደሌለ ሰምቼ ነው።”

“በአጭሩ ቢነግሩኝ?”

“አጭር ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ይወስነዋል።”

ፊቴን ወደ ከተማው አዞርኩና “እምቢታ ተምረዋል!” አልኩ። ዘበኛው ደገመው። ዶክተር ውዳላት ይህ የአቀባበል ሥርዓት መስሏቸው ፈገግ አሉ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በስምምነት አዳራሽ ተሾሙ።

ከተማችንን የሚመሩት ሊቀ ስምምነት ዘርጋው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ፊታቸው ክብ ነው፣ ሕፃናትን ይወዳሉ፣ ማንንም ተቆጥተው አያውቁም። አዳራሹ ውስጥ ሐሳብ ይቀርባል፤ ሊቀ ስምምነት “ተስማማን?” ይላሉ፤ እኛም “ተስማማን” እንላለን። ጥያቄውና መልሱ አንድ ቃል ስለሆነ ስብሰባችን አያሰለችም።

“የእምቢታ ሹም አድርገንዎታል” አሉ ሊቀ ስምምነት፣ ጃንጥላውን በክብር እያቀበሏቸው። “እምቢታ ሲኖርዎ ይህን ይዘረጋሉ።”

“ጃንጥላው እኮ ለዝናብ ነው!”

“ለዝናብ የተማረ ሰው አለን” አሉ ሊቀ ስምምነት።

ዶክተር ውዳላት እምቢታን የሚያጠኑ እንጂ ራሳቸው እምቢ የሚሉ እንዳልሆኑ ለማስረዳት ብዙ ደከሙ። የሚያጠና ሰው ከሚያጠናው ነገር ራቅ ብሎ መቆም እንዳለበት ተናገሩ። አዳራሹ በአክብሮት አዳመጣቸው። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት “ወይ መማር!” ብላ ተነፈሰች።

ቢሮ ተሰጣቸው። በማግሥቱ የመጀመሪያው ባለጉዳይ በታችኛው ሰፈር ጨርቅ በቀለም የሚነክሩት አያ ድንበሩ ነበሩ። እኔ ዶክተሯን ከከተማው ጋር ላለማምድ ተመድቤ ነበርና ጥግ ላይ ቆሜ ሰማሁ።

“ዶክተር፣ አንዲት እምቢታ ይዤ መጥቻለሁ።”

“ለማን?”

“ለአማቴ። ሊጠይቁን ከመጡ ጀምሮ በየጊዜው ‘ሰንበት ብዬ ልሂድ?’ ይሉኛል። እኔም ‘ይሰንብቱ እንጂ!’ እላለሁ። ይኸው ልጆቼ ሲያድጉ ቤቴ ተቀምጠው አዩ።”

“ራስዎ ለምን አይነግሯቸውም?”

“እንዴ! እኔ የት ተማርኩና!”

ዶክተር ውዳላት ዐይናቸው በራ። ለጥናታቸው ከዚህ የተሻለ ነገር አግኝተው አያውቁም። ጃንጥላቸውን ይዘው ሄዱና አማትየዋ ፊት ዘረጉት። አማትየዋ ዝናብ መጣ ብለው ሳምንት ጨመሩ።

ከዚያ በኋላ ቢሮው ሰው አላጣም። አንዲት ሴት ለማትወደው እጮኛዋ፣ አንድ ሸማኔ በነፃ ለሚያሠራው ጎረቤቱ፣ ሁሉም እምቢታውን አስረክቦ ቀለል ብሎት ይወጣል። ከወጣ በኋላ ግን ለጎረቤቱም ለእጮኛውም እንደድሮው “እሺ” ይላል። ዶክተር ውዳላት መጀመሪያ ተደሰቱ፣ ቀጥለው ተገረሙ፣ ኋላ ላይ ምሳ መብላት ተዉ።

“ስንዱ፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት እነዚህ ሰዎች ምን ያደርጉ ነበር?”

“ያጉረመርሙ ነበር” አልኳቸው።

“አሁንስ?”

“አሁን ማጉረምረሙም ለእርስዎ ተሰጥቷል።”

የወንዙ ነገር የመጣው በዚህ መሐል ነው።

ታችኛው ሰፈር የምንኖረው ጨርቅ ነካሪዎች ነን። እናቴ ማንያህልሻል ሰማያዊ ነካሪ ናት፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ድረስ ሰማያዊ ነው። የተነከረ ጨርቅ በወራጅ ውሃ ካልታጠበ ቀለሙ ለባሹን ያቀልማል፣ ገዢም ይጠፋል። ስለዚህ ሰፈራችን የተሠራው ወንዟን ተከትሎ ነው። ወንዟ ከሄደች እኛም መሄዳችን ነው፤ የት እንደሆነ ባይታወቅም።

ሊቀ ስምምነት በአዳራሹ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ “ሕዝባችን ሲያጨበጭብ ኖሮ እጁ ደክሟል። ከአዳራሹ ፊት ለፊት ፏፏቴ እንሥራ። ወንዟን ከታችኛው ሰፈር እናዙራትና ከከፍታ ትውረድ። ድምፁ ልክ እንደ ጭብጨባ ነው፤ እኛ እጃችንን እናሳርፋለን።”

ዶክተር ውዳላት ተነሥተው ጃንጥላውን ዘረጉ። ስለ ወራጅ ውሃ፣ ስለ ነካሪዎቹ፣ ዝም ያለ ሰው ሁሉ እንዳልተስማማ፣ አንድም ነገር ሳያስቀሩ ተናገሩ። እንደዚያ ያለ ንግግር በአዳራሹ ተሰምቶ አያውቅም። ሲጨርሱ ሊቀ ስምምነት እንባቸውን ጠረጉ።

“አያችሁ?” አሉ። “እስከ ዛሬ ስምምነታችን አንድ ነገር ይጎድለው ነበር። ዛሬ እምቢታውም ተሰማ፤ ያውም ከተማረ ሰው አፍ! ከእንግዲህ ማን ምን ይለናል? እንግዲህ ተስማማን?”

“ተስማማን” አልን።

እኔም አልኩ። አጠገቤ እናቴም ስትል ሰማኋት። ዶክተር ውዳላትም ሰሟት፤ ጃንጥላቸውን እንደያዙ ዘወር ብለው አዩዋት።

“ይህን ሹመት አልፈልግም!” አሉ። “በቃኝ! እምቢ!”

“ሥራቸውን እንዴት እንደሚወዱት ተመልከቱ” አሉ ሊቀ ስምምነት፤ ለዶክተር ውዳላት ቢሮ የቆዳ ወንበር ተጨመረ።

ወደ ቤት ስንወርድ እናቴ ዘወር ብላ አየችኝ።

“አንቺም ‘ተስማማን’ አልሽ?” አለችኝ።

“አንቺስ?”

“አፌ ለምዶብኝ ነዋ!” አለችና መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። “ደግሞ ዶክተሯ ይበቃሉ ብዬ ነው። የተማሩት እሳቸው ናቸው።”

ዶክተር ውዳላት በማግሥቱ ግቢያችን መጡ። የነካሪ ግቢ ለእንግዳ አይመችም፤ በየገመዱ የተሰጣው ጨርቅ ያንጠባጥባል። ነጭ ሸሚዛቸው ትከሻው ላይ ሰማያዊ ሆነ፤ አላስተዋሉም።

“ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት” አሉ። “ዕድሜዬን ሙሉ በሌላ ሰው ስም መናገር አደጋው ምን እንደሆነ ስጽፍ ኖሬ፣ ራሴ ዘልዬ ገባሁበት። እኔ እምቢ ባልኩ ቁጥር እናንተ እሺ ለማለት ይቀልላችኋል። እኔ ባልመጣ ኖሮ ቢያንስ ታጉረመርሙ ነበር።”

አያ ድንበሩ ጨርቅ እየጨመቁ ነበር። “አይ፣ እርስዎማ ጥሩ ነው የተናገሩት። እኔ እንዲያውም ጎረቤቴን ‘ስሚ፣ ዶክተሯ የሚናገሩት እኮ የእኛን እምቢታ ነው’ ብያታለሁ።”

“ከዚያስ ምን አሉ?”

“ከዚያማ ‘ተስማማን’ አልኩ።”

እናቴ እጇን በቀሚሷ አደራረቀች። “እሱን ይተውት። ይህን እምቢታ የሚሉትን ትምህርት ለመማር ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?”

“መማር ስንል ምን ማለታችን…” ጀመሩ ዶክተር ውዳላት።

“ወንዟን የሚያዞረው ቦይ መቆፈር ጀምሯል፣ የኔ እመቤት። ተቆፍሮ ሲያልቅ ውሃውን ለማዞር አንድ የመጨረሻ ስብሰባ፣ አንድ ‘ተስማማን’ ብቻ ነው የሚቀራቸው።”

ዶክተር ውዳላት የጀመሩትን ጥያቄ ሳይጨርሱ ተዉት። እንደማስበው በሕይወታቸው ጥያቄን በሌላ ጥያቄ ሳይመልሱ የቀሩት ያኔ ብቻ ነው። ግን አላስቻላቸውም።

“እሺ፣ በዚህ ከተማ አንድ ሰው ተምሯል ብሎ የሚወስነው ማነው?”

ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

“እኔ መጠየቅ ብቻ ነው ሥራዬ” አልኩ።

“ከዚያ ‘ተምሯል’ ብለሽ ታውጂያለሽ።”

“አዎ፣ ግን…”

“አጣርተሽ ታውቂያለሽ?”

አላውቅም። ማንንም አጣርቼ አላውቅም። ስለ ድርቅ የተማረው ሰውዬ እውነት ተምሮ ይሁን አይሁን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

“እኔ እኮ ጎልቶ የሚሰማ ድምፅ የለኝም” አልኩ። “ዘበኛው ነው የሚጮኸው።”

እናቴ አላግባባችኝም። ሰማያዊ እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶክተር ውዳላት ግቢያችን እየተመላለሱ አስተማሩ። ማስተማር ከተባለ ማለቴ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይከራከሩ ነበር። አያ ድንበሩ እምቢ ካሉ በኋላ “ይቅርታ” ይሉ ስለነበር ብዙ ተለፋባቸው። “ምክንያቱ ካልመጣልኝስ?” ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። “ምክንያት የግድ ቀድሞ መምጣት የለበትም” አሉኝ ዶክተር ውዳላት። “ዘግይቶ ቢደርስም ይቆጠራል።”

የመጨረሻው ስብሰባ ቀን ጧት፣ ታችኛው ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ በኋላ በኩል በኮረብታው ዞሮ ከከተማው ወጣ፤ ከዚያም በዋናው በር በኩል እንደ እንግዳ ወደ እኔ መጣ። በከተማው ያለው ጃንጥላ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ የቀረው ሰው የሙያ ዕቃውን ራሱ ሠርቶ ነበር። በቀርከሃ እንጨት ላይ የተወጠረ ጨርቅ ነው፤ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይ። የአያ ድንበሩ በአንድ በኩል ዘሟል።

የመጀመሪያዋ እናቴ ነበረች። ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ እንደማታውቀኝ ሰው ቆመች።

“ምን ተማሩ?” አልኳት። እናቴን አንቱ ስል የመጀመሪያዬ ነው።

“እምቢታ።”

አፌን ስከፍት ሊቀ ስምምነት ዘርጋው እየሮጡ ደረሱ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። ሁለተኛው በር ላይ ያለው ዘበኛ እሳቸውን ሲያይ ወደ ግድግዳው ዞሮ ቆመ።

“ስንዱ፣ ልጄ፣ ምንድነው ይሄ? እነዚህ እኮ የእኛው ሰዎች ናቸው!”

“በበሩ ነው የመጡት፣ ጌታዬ።”

“ማን አስተማራቸው?”

ዶክተር ውዳላት ጥግ ላይ ቆመው ነበር። አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት፤ ምን ያህል እንደከበዳቸው ይታይ ነበር።

“እኔን አማቴ ናቸው ያስተማሩኝ” አሉ አያ ድንበሩ ከኋላ።

ሊቀ ስምምነት ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ድምፃቸው እንደወትሮው ለስላሳ ነበር። “ስንዱ፣ አንቺ አስተዋይ ልጅ ነሽ። በእርግጥ ተምረዋል?”

ዘበኛውን አየሁት። ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው። እናቴን አየኋት። ከዚያ ፊቴን ወደ ከተማው አዞርኩና “ተምረዋል!” ብዬ ጮህኩ። ድምፄ አዳራሹ ጣሪያ ላይ ያሉትን እርግቦች አላስበረገገም፤ ግን ሁለተኛውን በር አለፈ።

ሊቀ ስምምነት ላባቸውን ጠረጉ። በሩ መሐል ቆመው እጃቸውን ሊዘረጉ ከጀሉ፤ መልሰው አወረዱት።

“እንዳይገቡ ማለት…” አሉ ለራሳቸው፣ “እንዳይገቡ ማለት እምቢ ማለት ነው።”

“ነው” አሉ ዶክተር ውዳላት፤ ይህን ያህልማ ዝም ማለት አልቻሉም።

“እኔ ደግሞ እምቢታ አልተማርኩም።”

“አልተማሩም።”

ሊቀ ስምምነት ዘርጋው ልማድ የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ከበሩ ዘወር አሉና “ይግቡ” አሉ።

አዳራሹ ሞላ። ሊቀ ስምምነት ስለ ፏፏቴው እንደገና ተናገሩ፤ ቃላቸው ያው ነበር፣ የጭብጨባውን ነገር ግን ቶሎ አለፉት። ከዚያ “ተስማማን?” አሉ።

ታችኛው ሰፈር ሁሉ በአንድ ጊዜ ጃንጥላውን ዘረጋ። አዳራሹ ውስጥ ሰማያዊና ቢጫ ጥላ ወደቀ። አንዳንዱ እንጨት ተሰበረ፤ ቀለሙ ያልደረቀው ጨርቅ ከፊት የተቀመጡትን ሹማምንት ራስ አቀለመ። “እምቢ!” አለች እናቴ። “እምቢ!” አሉ ሌሎቹ። “እምቢ፣ ይቅር… እምቢ!” አሉ አያ ድንበሩ።

ሊቀ ስምምነት ለዚህ የሚሆን መልስ ፈለጉ። ቀኝ አዩ፣ ግራ አዩ። በመጨረሻ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያውቋት አንዲት ቃል መጣችላቸው።

“ተስማማን” አሉ።

ወንዟ አልዞረችም። ፏፏቴው ደረቅ ሆኖ ቀረ፤ አሁን ልጆች እየተንሸራተቱበት ይጫወታሉ። የእኛ ሰፈር ሰው ግን አዲሱን ነገር ስለወደደው መንገዱ ይጠገን ሲባልም ይዘረጋል፣ ስብሰባው ይብቃ ሲባልም ይዘረጋል። ቀጣዩን ስብሰባ የጨረስነው እህል ውሃ ሳንቀምስ ነው። እናቴና አያ ድንበሩ ስለ ማጠቢያ ተራ እርስ በርሳቸው ጃንጥላ ተዘራረጉ። የአያ ድንበሩ አማት ግን ሄደዋል።

ዶክተር ውዳላት ደስተኛም አኩራፊም ነበሩ።

“ጥናቴ ተበላሸ” አሉኝ። “የመጀመሪያው ምዕራፍ ‘በዚህች ከተማ እምቢ የሚል ሰው የለም’ ብሎ ነው የሚጀምረው። አሁን ምን ልሁን?”

“‘በፊት’ የሚል ይጨምሩበት” አልኳቸው።

እምቢ የሚል ሰው የሌለበትን ሌላ ከተማ ፍለጋ ለመሄድ ወሰኑ። ቦርሳቸውን ይዘው ወደ በሩ ሲመጡ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። በልማዱ፣ የሚወጣ ሰው የሙያ ዕቃው ይመለስለታል። ጃንጥላው ከፏፏቴው ስብሰባ ወዲህ ተመልሶ ድሮ የሰቀልኩበት ቦታ፣ በመቆፈሪያውና በጉጠቱ መሐል ተሰቅሏል። የታችኛው ሰፈር ሰው ስብሰባ በተጠራ ቁጥር መጀመሪያ ወደ በሩ መጥቶ እጀታውን ነካ ሳያደርግ አዳራሽ አይገባም።

“ስንዱዬ፣ ጃንጥላዬን አቀብዪኝ” አሉ።

“እምቢ” አልኳቸው።

“ምን አልሽ?”

“እምቢ፣ ዶክተር። አልሰጥም።”

ቦርሳቸውን መሬት አስቀመጡ። “ምክንያትሽስ?”

“እያሰብኩበት ነው።”

ሸሚዛቸው ትከሻው ላይ አሁንም ሰማያዊ ነው፤ አልለቀቀላቸውም።

“እስቲ ጮክ ብለሽ ድገሚልኝ” አሉ።

ደገምኩላቸው። ዘበኛው ከሁለተኛው በር ዞር ብሎ አየን።

ዶክተር ውዳላት ጉንጬን ስመውኝ ወጡ። ዝናቡ ድልድዩን ሳይሻገሩ ጀመረ። ቦርሳቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ሄዱ።